የመጀመሪያ የዌብ ቋንቋዬ የትኛው ይሁን?

አንባቢዋ፦ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ።

የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መጽሐፍ አውሳለሁ፣ የተመለሰውን እቀበላለሁ፣ መደርደሪያ አስተካክላለሁ። ማን ምን እንደወሰደ የምንመዘግበው በትልቅ ደብተር ላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው አንድ ሰው «ይሄ መጽሐፍ አለ?» ሲለኝ ነው። መደርደሪያው ላይ ካጣሁት ወይ ሰው ወስዶታል፣ ወይ ያለቦታው ገብቷል፣ ወይ ጠፍቷል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደብተሩን ወደ ኋላ ገጽ በገጽ ማገላበጥ ግድ ነው። ሰውየው ቆሞ ይጠብቃል። ከኋላው ሰልፍ ይያዛል።

ኤክሴል ሞክረናል። አንድ ሰው ብቻ ሲሠራበት ጥሩ ነው። ሁለት ሆነን በሁለት ኮምፒውተር ስንመዘግብ ግን ፋይሉም ሁለት ይሆናል። ማታ ላይ የትኛው ትክክል እንደሆነ መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ስለዚህ በብራውዘር የሚከፈት ትንሽ ሲስተም ልሠራ አስቤአለሁ። መጽሐፍ ፈልጎ የሚያገኝ፣ «አለ» ወይም «ወጥቷል» የሚል፣ ማን ጋ እንዳለና መቼ መመለስ እንዳለበት የሚያሳይ። አንባቢዎች ከስልካቸው ገብተው መጽሐፉ መኖር አለመኖሩን ማየት ቢችሉ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።

ኮድ አልችልም ማለት ይቻላል። ኤችቲኤምኤል ትንሽ ነክቻለሁ። ርዕስ፣ አንቀጽ፣ ሥዕልና ሊንክ አስገባለሁ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ ባይት ነው። ኢንተርኔት አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። የማጠናው ከሥራ በኋላ ማታ ነው።

የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ የሚሉኝ የተለያየ ነው። አንዱ ጃቫስክሪፕት ይላል። ሌላው ፓይተን። አንዱ ቀጥታ ሪአክት ጀምሪ አለኝ። ፒኤችፒን ሳነሳ «እሱ እኮ ሞቷል» ያለኝም አለ። የቱ ቋንቋ ከየቱ ይበልጣል የሚለው ክርክር አይደለም የቸገረኝ። አንዱን ይዤ ለወራት ልቆይበት ነው፤ መሃል ላይ ጥዬው ሌላ መጀመር አልፈልግም። ስለዚህ የምትመክሩኝን ከነምክንያቱ ንገሩኝ። አመሰግናለሁ።


ኮድ ጸሐፊ

ሰላም እህቴ። ምን መሥራት እንደምትፈልጊ ለይተሽ መምጣትሽ ደስ ይላል። ብዙ ሰው ቋንቋ መርጦ ነው ሥራ የሚፈልግለት።

እኔ ጃቫስክሪፕት እላለሁ። ብራውዘር ምንም ሳይጨመርበት የሚገባው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እሱ ነው። ብሬንዳን አይክ በ1995 ኔትስኬፕ ውስጥ የመጀመሪያውን ቅጂ የጻፈው በ10 ቀን ነበር። ዛሬ የሌለበት ብራውዘር የለም። ስለዚህ ምንም አትጭኚም። አሁን ላፕቶፕሽ ላይ ኤፍ 12ን ብትጫኚ ኮንሶል የሚባል ቦታ ታገኛለሽ። እዚያው ሁለት ቁጥር ደምሪ፤ መልሱን ወዲያው ይሰጥሻል። ለ4 ጊጋ ላፕቶፕ ከዚህ የቀለለ መነሻ አላውቅም። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል።

ሰርቨሩስ (ለብራውዘሮች መልስ የሚሰጠው ኮምፒውተር) ካልሽ፣ በ2009 ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስሮጠው ኖድ ጄኤስ ከመጣ ወዲህ ያው ቋንቋ ሰርቨር ላይም ይሠራል። አንድ ቋንቋ ተምረሽ ሁለቱንም ጎን ትይዣለሽ። ማታ ማታ ብቻ ለሚያጠና ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ቋንቋው ግር የሚያሰኙ ቦታዎች አሉት፤ አልደብቅሽም። በጥቅስ ውስጥ ያስቀመጥሽውን 5 ከ2 ጋር ብትደምሪው 52 ይልሻል። ብትቀንሺለት ግን 3 ይላል። 10፣ 9 እና 1ን ደርድርልኝ ብትይው 1፣ 10፣ 9 አድርጎ ያመጣዋል፤ በምን እንደሚያወዳድር ካልነገርሽው ቁጥሮቹን እንደ ጽሑፍ ነው የሚያያቸው። ሁለት ነገር እኩል መሆኑን ስትፈትሺ ባለ ሦስቱን ምልክት (===) ተጠቀሚ። እነዚህን ቀድመሽ ካወቅሽ አያደናግሩሽም።

ሪአክትን ለአሁኑ ተይው። እሱ ቋንቋ አይደለም። በጃቫስክሪፕት የተሠራ መሣሪያ ነው፤ ፌስቡክ በ2013 ነው ለሁሉም የለቀቀው። ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የኮድ ቁራጭ)፣ አሬይ (የዳታ ዝርዝር) እና ኦብጀክት (ስም ያላቸው መረጃዎች ጥቅል) እጅሽ ሳይገቡ ከከፈትሽው ችግር ሲፈጠር ጥፋቱ የማን እንደሆነ አታውቂም፤ የቋንቋው ይሁን የሪአክት።


የዳታ ሰው

ከላይ ያለው ወንድሜ ያለውን አከብራለሁ። ግን ለዚህ ሥራ ፓይተን እላለሁ።

መጀመሪያ ንባቡ። ፓይተን ውስጥ ቅንፍና ሰሚኮለን አይበዛም። የቱ መስመር በየቱ ሥር እንዳለ የሚታወቀው ወደ ውስጥ በመግባቱ ነው። ጀማሪ የሌላውን ሰው ኮድ ቶሎ ማንበብ ይችላል።

ሁለተኛው ጃንጎ ነው። ይሄ የፓይተን ፍሬምወርክ (ለዌብ ሥራ አስቀድሞ የተዘጋጀ የኮድ ማዕቀፍ) የተወለደው አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ፣ በአንድ ጋዜጣ የዌብ ክፍል ነው። ለሕዝብ የተለቀቀው በ2005 ነበር። ጋዜጠኞች ኮድ ሳይነኩ ዜና ማስገባት ስለነበረባቸው፣ ዳታ ማስገቢያ ገጽ አብሮት ይመጣል። አሁን ያንቺን ሥራ አስቢው። መጽሐፍ፣ አባል፣ ውሰት ብለሽ ሦስት ሞዴል (ዳታው ምን ምን እንደሚይዝ የሚገልጽ ኮድ) ትጽፊያለሽ። አንድ ሁለት ትእዛዝ ከሰጠሽ በኋላ መጽሐፍ የምትመዘግቢበት፣ የምትፈልጊበትና የምታርሚበት ገጽ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል። የይለፍ ቃሉ፣ መግቢያው፣ ማን ምን ማረም ይችላል የሚለው ሁሉ አለው። ዳታው የሚቀመጥበት ዳታቤዝም ስትጀምሪ ኤስኪዩላይት ነው፤ አንዲት ፋይል ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ቱቶሪያል ስትመርጪ «ፕሪንት» ከሚለው ቃል በኋላ ቅንፍ ከሌለ ዝጊው። ያ ፓይተን 2 ነው። ድጋፉ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አብቅቷል።


የማታ አስተማሪ

ሰላም እህታችን። ጀማሪዎችን ማታ ማታ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ሆነዋል። ሰው የት ላይ እንደሚቆም ደጋግሜ ስላየሁ ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ ነው።

ጀማሪን የሚያቆመው «ኢፍ» ወይም «ሉፕ» አይደለም። እነሱን ሁሉም ሰው ይለምዳቸዋል። ብዙዎች የሚቆሙት «ይሄ ኮድ አሁን የት ነው የሚሠራው?» የሚለው ላይ ነው። ብራውዘሩ ውስጥ ነው ወይስ ሰርቨሩ ላይ? ተማሪው በጃቫስክሪፕት ቆንጆ ዝርዝር ይሠራል። መጽሐፍ ይጨምራል፣ ይሰርዛል። ገጹን ሪፍሬሽ ሲያደርገው ሁሉም ይጠፋል። ከሌላ ኮምፒውተር ሲከፍተው ባዶ ነው። «ኮዴ ትክክል ነው፤ ታዲያ ዳታዬ የት ሄደ?» ይላል። ኮዱ በእርግጥ ትክክል ነው። የጎደለው ከብራውዘሩ ጀርባ ያለው ነገር ነው፤ እሱን ማንም አላሳየውም።

ያንቺ ፕሮጀክት ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ከጀርባ ያለውን ይፈልጋል። ሁለት ኮምፒውተር አንድ መዝገብ ማየት አለባቸው። ኤክሴል ያቃተውም ይሄው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ቋንቋሽ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ይሁን። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ በብራውዘርና በሰርቨር መካከል ያለውን ምልልስ ሳይሸፍን የሚያሳይሽ ፒኤችፒ ነው።

እንዴት እንደሆነ ላሳይሽ። አንቺ ጠረጴዛሽ ጋ ሆነሽ ሰው መጽሐፍ ይጠይቅሻል። ወደ መደርደሪያው ትሄጃለሽ፣ አምጥተሽ ትሰጪዋለሽ፣ እሱ ይሄዳል። ሰርቨርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ብራውዘሩ ይጠይቃል። የፒኤችፒው ፋይል ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ይሠራል። ኤችቲኤምኤል ያወጣል። ብራውዘሩ ያንን ተቀብሎ ያሳያል። ከዚያ ፋይሉ ያለቀለት ነው፤ በሚቀጥለው ጥያቄ ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። ቫሪያብል (ኮዱ ውስጥ ዳታ የሚይዝ ስም) ውስጥ ያስቀመጥሽው ነገር አይቆይም። እንዲቆይ ከፈለግሽ ዳታቤዝ ውስጥ ታስገቢዋለሽ። ዳታቤዝ ለምን እንዳስፈለገ በሁለተኛው ሳምንት በራስሽ ይገባሻል፤ ማንም ማስረዳት አይኖርበትም።

ኖድ ላይ ነገሩ ይለያል። ፕሮግራሙ አንዴ ከተነሳ ሳይጠፋ ይቆያል፤ ብዙ ጥያቄዎችን አንዱ ፕሮግራም ያስተናግዳል። ኃይለኛ አሠራር ነው። ግን ዳታ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። ስለዚህ ጀማሪው ገና ፎርም ሳይገባው ስለ «ፕሮሚስ» እና «አዌይት»፣ ማለትም መልስ እስኪመጣ ስለ መጠበቂያ መንገዶች፣ መማር ግድ ይሆንበታል። እነዚህን ቀስ ብለሽ ብትደርሺባቸው ይሻላል።

አሁን በተግባር። አንድ ፎልደር ክፈቺ። ውስጡ አንድ የፒኤችፒ ፋይል። አንድ የመጻፊያ ሳጥንና አንድ «ፈልግ» የሚል ቁልፍ ያለው ፎርም ሥሪ። ዘዴውን መጀመሪያ «ጌት» አድርጊው። የመጽሐፍ ስም ጽፈሽ ቁልፉን ስትጫኚ የአድራሻውን መስመር ተመልከቺ። የጻፍሽው ስም እዚያ ላይ ይታያል። እዚህ ላይ ቆም በይ። ብራውዘሩ ለሰርቨሩ ምን እንደላከ በዓይንሽ እያየሽ ነው። አድራሻው ላይ ያለውን ስም በእጅሽ ቀይሪና ኢንተር ጫኚ። ፎርሙን ሳትነኪ መልሱ ይቀየራል። ቀጥለሽ ዘዴውን «ፖስት» አድርጊው። አሁን አድራሻው ላይ ምንም የለም፤ ፋይሉ ግን ስሙን አግኝቶታል። ኤፍ 12ን ተጭነሽ ኔትወርክ የሚለውን ክፍል ብትከፍቺ ተደብቆ የሄደውን እዚያ ታገኚዋለሽ። መፈለጊያ በጌት፣ መመዝገቢያ በፖስት። ለምን እንደሆነም ይገባሻል፦ ፍለጋን ደጋግመሽ ብትልኪው ጉዳት የለውም፤ ውሰትን ደግመሽ ብትልኪው ግን አንድ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል።

ይሄንን በደንብ የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ የትኛውም ቋንቋ አይከብደውም። ጃንጎም፣ የኖዱ ፍሬምወርክ ኤክስፕረስም፣ የሩቢ ቋንቋው ሬይልስም የሚያደርጉት ያንኑ ነው።

«ሞቷል» ስለሚባለው። ራስመስ ለርዶርፍ ፒኤችፒን በ1994 የጀመረው ለግል ገጹ ነበር፤ በ1995 ለሰው ለቀቀው። ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ በእሱ የተጻፈ ነው። በ2003 የወጣው ዎርድፕረስም በእሱ ነው፤ ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዎርድፕረስን ይጠቀማሉ። በ2015 የወጣው ፒኤችፒ 7 ፍጥነቱን በጣም አሻሻለው፤ በ2020 ደግሞ 8 መጣ። ሞቷል የሚሉት ብዙ ጊዜ የድሮውን ቋንቋ የሚያስታውሱ ናቸው።

ችግር ግን አለው፤ ሳልነግርሽ ብቀር ልክ አይሆንም። በዚህ ላይ ጃንጎ ይበልጠዋል።

አንደኛ፣ ኢንተርኔቱ በአሮጌ የፒኤችፒ ትምህርት የተሞላ ነው። ዳታቤዝ ሲጠይቅ «ማይኤስኪዩኤል ኩዌሪ» የሚል ፈንክሽን የሚጠራ ቱቶሪያል ካየሽ ተይው። ያ ፈንክሽን ከ7 ጀምሮ ከቋንቋው ወጥቷል። «ማይኤስኪዩኤልአይ» የሚለው ሌላ ነው፤ እሱ አለ። አንቺ የምትፈልጊው «ፒዲኦ» የሚል ቃል ያለበትን ነው። ከኤስኪዩላይትም፣ ማይኤስኪዩኤል ከሚባለው ዳታቤዝም ጋር ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ጥንቃቄውን ቋንቋው አያደርግልሽም፤ አንቺ ነሽ የምታደርጊው። ሰው የጻፈውን በቀጥታ የኤስኪዩኤል (ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ) ዓረፍተ ነገር ውስጥ አትለጥፊ። በመጽሐፍ ስም ውስጥ አንዲት ነጠላ ጥቅስ ካለች ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል። ተንኮለኛ ሰው ደግሞ በዚያች ቀዳዳ ሰንጠረዡን ሊሰርዝብሽ ይችላል። መድኃኒቱ «ፕሪፔርድ ስቴትመንት» ነው። ዓረፍተ ነገሩን በጥያቄ ምልክት ክፍት ቦታ ትልኪዋለሽ፤ ዳታውን ለብቻው። ሰው የጻፈውን መልሰሽ ገጽ ላይ ስታሳዪም «ኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ» በሚባለው ፈንክሽን አሳልፊው። ያለዚያ ስሙ ቦታ ላይ ስክሪፕት የጻፈ ሰው ኮዱን በሌላው አንባቢ ብራውዘር ውስጥ ያስሮጠዋል። ጃንጎ ይህን ሁሉ በአብዛኛው በራሱ ያደርገዋል። ፒኤችፒ ላይ ግን ከመጀመሪያው ቀን እጅሽን አስለምጂው።

ሦስተኛው በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ነው፤ የውጭ ቱቶሪያል አይነግርሽም። ፊደሎቻችን በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደልን በባይት የሚያስቀምጥበት ደንብ) እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። የፒኤችፒ ተራው የርዝመት ቆጣሪ የሚቆጥረው ባይት ነው። «መጽሐፍ» የሚለውን ብትሰጪው 4 ሳይሆን 12 ይልሻል። ርዕስ አሳጥረሽ 10 ላይ ብትቆርጪው ሦስት ፊደል ከወጣ በኋላ አራተኛው መሃሉ ላይ ይቆረጥና የተሰበረ ምልክት ይታያል። በ«ኤምቢ» የሚጀምሩት ፈንክሽኖች ፊደል ነው የሚቆጥሩት፤ እነሱን ተጠቀሚ። ፓይተን 3 እና ጃቫስክሪፕት ላይ ይሄ ችግር አይገጥምሽም።

ታዲያ ለምን ጃንጎ አልልም? የመጀመሪያዋን ትእዛዝ ስትሰጪ ገና አንድ መስመር ሳትጽፊ ብዙ ፋይሎች ይፈጠራሉ። መግቢያው ገጽ ያምራል፤ ይሠራልም። ግን ለምን እንደሚሠራ አታውቂም። አንድ ቀን ሲበላሽ ከየት እንደምትጀምሪ ትቸገሪያለሽ። ሲስተሙ ባጭር ጊዜ የግድ ማለቅ አለበት ካልሽ ግን ቃሌን እቀይራለሁ፦ የዳታ ሰውን ስሚ፣ ጃንጎ ያዢ። የምትችይበትን ጊዜ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ላፕቶፕሽ አያሳስብሽ። ፒኤችፒ ከ2012 ጀምሮ የራሱ ትንሽ የመለማመጃ ሰርቨር አለው። በአንዲት ትእዛዝ ይነሳል። ሙሉ ማኑዋሉም ዳውንሎድ ይደረጋል። ኢንተርኔት ያገኘሽ ቀን አውርደሽ አስቀምጪው።


አንባቢዋ

እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅሁም።

የጌቱን ነገር ሞከርኩት። አድራሻው ላይ የመጽሐፉን ስም በእጄ ቀይሬ መልሱ ሲቀየር በጣም ነው የገረመኝ። እስከ ዛሬ የአድራሻ መስመር ለምን እንደሚረዝም አስቤው አላውቅም። ጊዜ አለኝ፤ ማንም አያጣድፈኝም። ስለዚህ በፒኤችፒ እቀጥላለሁ።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ላራቬል የሚባለውን መቼ ልጀምር? ሁለተኛ፣ የአንድ መጽሐፍ ብዙ ቅጂ አለን። ደብተሩ ላይ የምንለየው ጀርባው ላይ በተለጠፈው ቁጥር ነው። ዳታቤዝ ውስጥ እንዴት ላስቀምጠው? «ወጥቷል» የሚል ዓምድ መጽሐፉ ላይ ልጨምር ወይ? ሦስተኛ፣ ሰዎች ስም ሲጽፉ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ይላል። ፍለጋው አያገኘውም። ይሄ መፍትሔ አለው?


የማታ አስተማሪ

ሁለተኛው ጥያቄሽ ከቋንቋ ምርጫው ይበልጣል። እዚያ ላይ ልቆይ።

ለመጽሐፉና ለቅጂው የተለያየ ሰንጠረዥ ሥሪ። መጽሐፍ የሚለው ርዕስ፣ ደራሲና ዓመት ይይዛል። ለአንድ ርዕስ አንድ ረድፍ ብቻ። ቅጂ የሚለው ደግሞ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ይይዛል፤ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነም ያመለክታል። የአንድ ርዕስ አምስት ቅጂ ካላችሁ እዚህ አምስት ረድፍ ይኖራል። ሦስተኛው አባል ነው። አራተኛው ውሰት፦ የትኛው ቅጂ፣ የትኛው አባል፣ የወጣበት ቀን፣ መመለስ ያለበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን።

«ወጥቷል» የሚል ዓምድ አትጨምሪ። ለምን መሰለሽ? ያንን መረጃ ውሰት የሚለው ሰንጠረዥ አስቀድሞ ያውቀዋል። የተመለሰበት ቀን ባዶ የሆነ ረድፍ ካለ ቅጂው ውጭ ነው። ከሌለ አለ። አንድን እውነት ሁለት ቦታ ከጻፍሽው አንድ ቀን ሁለቱ ይለያያሉ፤ ያኔ የሁለቱ የኤክሴል ፋይሎች ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ሰው መጽሐፍ ሲመልስ ረድፉን አትሰርዢ። የተመለሰበትን ቀን ብቻ ሙዪ። እንዲህ ካደረግሽ የትኛው መጽሐፍ ብዙ እንደሚነበብ፣ የትኛው ቅጂ መጨረሻ ማን ጋ እንደነበረ በአንድ ጥያቄ ታወጫለሽ። የጠፋ ቅጂ ግን ውሰት ውስጥ አይታይም፤ ለእሱ ቅጂው ላይ «ጠፍቷል» የሚል ምልክት ቢኖር ተገቢ ነው።

ኮድ ከመጻፍሽ በፊት አራቱን ሰንጠረዦች ወረቀት ላይ ሥያቸው። ከደብተሩ አንድ ገጽ ወስደሽ እያንዳንዱን መስመር በእጅሽ አስገቢበት። የማይገባ መስመር ካገኘሽ የጎደለውን ያኔውኑ ታውቂያለሽ።

የፊደሉ ነገር መፍትሔ አለው። ርዕሱን እንደተጻፈ አስቀምጪው፤ አንባቢ ማየት ያለበት እሱን ነው። አጠገቡ «ለፍለጋ» የሚል ሌላ ዓምድ ጨምሪ። እዚያ ሲገባ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩ፤ ከነዘራቸው፣ ሰባቱም። ደግሞ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ እነሱንም ወደ አንዱ አምጪያቸው። ሰውየው ሳጥኑ ውስጥ የሚጽፈውንም በዚያው ፈንክሽን አሳልፊና «ለፍለጋ» በሚለው ዓምድ ላይ ፈልጊ። አሁን «ፀሐይ»ም «ጸሀይ»ም አንድ ቦታ ይደርሳሉ። የመጀመሪያዋ ጠቃሚ ፈንክሽንሽ ይህቺ ትሁን። ትንሽ ናት፣ ውጤቷ ወዲያው ይታያል፤ አንባቢዎችሽም ያመሰግኑሻል።

ላራቬል ይቆይ። በ2011 የወጣ ጥሩ ፍሬምወርክ ነው፤ አንድ ቀን ትደርሽበታለሽ። አሁን ግን ፎርም መቀበል፣ ዳታቤዝ መጠየቅ፣ መግቢያ ገጽ መሥራት በተራው ፒኤችፒ ይለፍልሽ። ያንኑ ኮድ በየፋይሉ መገልበጥ ሲሰለችሽ ላራቬል የሚያቀልልሽ ምን እንደሆነ ግልጽ ይሆንልሻል። የይለፍ ቃልን ግን ዛሬም እንደተጻፈ አታስቀምጪ። ለዚሁ የተሠራ «ፓስወርድ ሃሽ» የሚባል ፈንክሽን አለ፤ ሲገባ የሚያረጋግጠው ጓደኛው ደግሞ «ፓስወርድ ቬሪፋይ» ነው።

ሥራ ላይ ስታውይው መለማመጃውን ሰርቨር አትጠቀሚ፤ ለዚያ አልተሠራም። አንዱን ኮምፒውተር መርጠሽ አፓቺ የሚባለውን የሰርቨር ፕሮግራም ጫኚበት። ሌላው ኮምፒውተርና በዚያው ዋይፋይ ላይ ያሉ ስልኮች በአድራሻው ይከፍቱታል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም። ኤስኪዩላይት ከሆነ ማታ ስትዘጊ፣ ሰርቨሩ ከቆመ በኋላ፣ ፋይሏን ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ፍላሹን ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አታሳድሪው።


ኮድ ጸሐፊ

ሰንጠረዦቹ ላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ አሁንም መጀመሪያ ጃቫስክሪፕት ባይ ነኝ፤ ኮንሶሉ ላይ ቶሎ ቶሎ መሞከር ጀማሪን ያደፋፍራል። ግን መርጠሻል፤ የመረጥሽውን አልነቅፍም።

ፍለጋው በፒኤችፒ መሥራት ሲጀምር ወደዚህ ተመለሺ። ሰው ፊደል በጻፈ ቁጥር ገጹ ሳይቀየር ውጤቱ ከሥሩ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል። የሚሠራው ገጹ ሳይቀየር ሰርቨሩን በሚጠይቀው የጃቫስክሪፕት «ፌች» ነው፤ ያንቺው የፒኤችፒ ፋይል በኤችቲኤምኤል ፈንታ ጄሰን (ዳታ ብቻ የሚጻፍበት አጻጻፍ) ይመልሳል። ያቺ የፊደል ፈንክሽን ሰርቨሩ ላይ ስላለች ሳትነካ ታገለግልሻለች። ስትደርሺበት ጻፊልን፤ ኮዱን መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን።


አንባቢዋ

እሺ። ነገ ከደብተሩ አንድ ገጽ ይዤ አራቱን ሰንጠረዦች ወረቀት ላይ እሞላቸዋለሁ። አንድ ነገር ከአሁኑ ታይቶኛል፦ የተዋሰው ሰው ሳይመልስ ቀን ያራዘመበት መስመር ብዙ አለ። ለእሱ ውሰት ላይ ዓምድ ልጨምር ወይስ አዲስ ረድፍ ልክፈት?


የማታ አስተማሪ

አዲስ ረድፍ አትክፈቺ፤ መጽሐፉ እኮ አልተመለሰም። መመለስ ያለበትን ቀን ብቻ ቀይሪው። ስንት ጊዜ እንደተራዘመ ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን «ማራዘሚያ» የሚል አምስተኛ ሰንጠረዥ ሥሪ፦ የትኛው ውሰት፣ የተራዘመበት ቀን፣ አዲሱ የመመለሻ ቀን። የማራዘም ገደብ ካላችሁ ይሄኛው ያስፈልግሻል።